ስድብ የለመነን ሰው

«ጋሽ አለልኝ፣ አባቴ ሞተ። እባክህ ስደብልኝ።»

መልእክቱ በድምፅ ነው የመጣልኝ። የላከችው የጉርዲፕ ልጅ ኪራት ናት፣ ከሕንድ አገር፣ ከፑንጃብ። ከዚህ ስትሄድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ድምፅዋ አድጓል፤ አማርኛዋ ግን ያው ከጎረቤታችን ከእማማ ጠጄ የተማረችው፣ ሰላም ሲል የሚቆጣ የሚመስለው የደብረ ታቦር አማርኛ ነው። መጋዜን አስቀምጬ መልእክቱን ደግሜ ሰማሁት። አባቷ በልብ ሕመም ከሞተ ዘጠኝ ቀኑ ነው። እናቷ ሲምራን እስካሁን አላለቀሰችም። ለቅሶ ደራሹ እየገባ እየወጣ «እንዴት ያለ ምሁር! እንዴት ያለ ጨዋ!» ሲል እሷ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትቀመጣለች፤ እህል በአፏ አልዞረም።

«የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ነው የሚመስለው» አለች ኪራት። «አንተ ታውቀዋለህ። እንደ ገናው አድርገህ ስደበውና እማዬ ትስማ።»

እንግዲህ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ስለ ጉርዲፕ ልንገራችሁ።

ጉርዲፕ ወደ ደብረ ታቦር የመጣው በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሊያስተምር ነው። ሚስቱንና ያኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረችውን ኪራትን ይዞ፣ ከእኔ እንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ያለውን ቤት ተከራየ። ቁመቱ በራችንን ጎንበስ ብሎ ካልሆነ አያስገባውም። ጢሙ ደረቱ ላይ ይደርሳል። ራሱ ላይ ደግሞ ጥምጥም አለ። ሲክ የሚባሉ ሃይማኖተኞች ናቸው፤ ወንዱ ፀጉሩን አይቆረጥም፣ ይጠመጥምበታል። ይህን ያወቅነው ግን ኋላ ነው። በኛ አገር ጢምና ጥምጥም በአንድ ራስ ላይ ከተገናኙ ሰውየው ቄስ ነው፤ ሌላ ጥያቄ የለውም።

በመጣ በማግስቱ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ እማማ ጠጄ መንገድ ላይ አገኙት። እማማ ጠጄን በሰፈራችን በዕድሜም በምላስም የሚቀድማቸው የለም። እንዳዩት ነጠላቸውን አስተካክለው «ይፍቱኝ አባቴ» ብለው ጎንበስ አሉ። ጉርዲፕ አሮጊቷ የሆነ ነገር የጣሉ መሰለው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን ይፈልግላቸው ጀመር። ሁለቱ በጉሙ ውስጥ እንዳጎነበሱ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ግራ ቢገባው እጁን ቀስ አድርጎ ራሳቸው ላይ ጫነ። እማማ ጠጄ ቀና አሉና ሄዱ። በሳምንቱ፣ በስግደት ብዛት ሲጠዘጥዛቸው የኖረው ቀኝ ጉልበታቸው እንደተሻላቸው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። ወሬው ከተሰማ በኋላ ሌሎች ሦስት ጉልበቶችና አንድ ወገብ ደጁ ላይ ቆመው ተገኙ።

የደብራችን የቅኔ መምህር መሪጌታ ስንታየሁ ይህን ሲሰሙ፣ «የኔ ጥምጥም ሰባት ክንድ ነው፣ የሱ አሥር ይሆናል። ነገሩ በክንድ ከሆነማ ወንበሩን ልልቀቅለት» አሉ።

ጉርዲፕ ራሱ ነገሩን አባባሰው። አማርኛ ሲያስተምሩት አክብሮቱን ብቻ ነበር ያስተማሩት፤ ሁሉንም አንቱ ይላል። የኔን ውሻ «እባክዎ ይለፉ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሻው ያለፈው ዓይን ዓይኑን እያየ፣ በጥርጣሬ ነው።

ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን እንግዳ እንዴት ይቀርበዋል? በበዓል ዳቦ ተቆርሶ ይሄድለታል፣ በሁለት እጅ ይሰጠዋል፣ ደጅ ላይ እጅ ተነሥቶ ይመለሳል። የሚገባ የለም። ጠላ ቤት ብቅ ሲል ሳቁ ይቆምና ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣል። ሲምራንን ሴቶቹ «እሜቴ» እያሉ መንገድ ይለቁላታል። ኪራት ኳስ ስትይዝ ልጆቹ ኳሱን ለሷ ትተው ዳር ይቆማሉ። ሰፈሩ አንድ ላይ ሆኖ እነዚህን ሦስት ሰዎች በአክብሮት ሲገርፋቸው ከረመ። እኔም ከገራፊዎቹ አንዱ ነበርኩ።

እኔ አናጢ ነኝ። በርና አልጋ እሠራለሁ፤ ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ የገና ዱላ እቆለምማለሁ። የምታወቀው ግን በእንጨቱ አይደለም፣ በአፌ ነው። በገና ዕለት ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ የላይ ሰፈርን ግጥም የማወርደው እኔ ነኝ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ዳኛ ሰድቤ አውቃለሁ፣ ሐኪም ሰድቤ አውቃለሁ። አማቴን ሰድቤ እስከ ጥምቀት አላናገሩኝም።

አንድ ቀን ጉርዲፕ የተሰበረ የአልጋ እግር ይዞ መጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን፣ ጫፋቸው የተቆለመመ ዱላዎች ሲያይ የአልጋውን እግር ጣለው።

«አቶ አለልኝ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው እባክዎ?»

ነገርኩት። ሁለት ወገን ይሆናል፤ ከወይራ ሥር የተጠረበች ሩር የምትባል ኳስ አለች፤ በዱላ እየመቱ ወደ ባላጋራ ዳርቻ መንዳት ነው። አንዱን ዱላ አውርዶ ጨበጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሆኪ ነው» አለ። «የኛ አገር ጨዋታ ነው።»

«ተጫዋች ነበሩ?» አልኩት።

«ሲምራን ናት ተጫዋቿ፣ ለኮሌጇ ትጫወት ነበር። እኔ በረኛ ነበርኩ። ተጠባባቂ በረኛ።»

በገና በረኛ የሚባል ነገር እንደሌለ ለመንገር አንጀቴ አልቻለም። ቁጭ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስቱ ከገናችን በኋላ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ልትመለስ እንደቆረጠች ነገረኝ። እሱ የሦስት ዓመት ውል አለበት፣ ብቻውን ሊቀር ነው።

«ምነው፣ ምን ጎደለባት?» አልኩ።

«ስምንት ወር ሙሉ ማንም አልሰደበንም ትላለች።»

አማርኛው የተሳሳተ መስሎኝ አስደገምኩት። አልተሳሳተም። በነሱ አገር ሠርግ ሲሆን፣ የሙሽራዪቱ ወገን ሴቶች የሙሽራውን ወገን በዘፈን ይሰድባሉ፤ አፍንጫውን፣ የእናቱን ወጥ፣ የአጎቱን ቦርጭ። ለእንግዳ እህልና ሰላምታ ይሰጣል፤ ስድብ ግን የዘመድ ነው። «ሲምራን እንዲህ አለችኝ» አለ ጉርዲፕ፣ «እዚህ መቶ ዓመት ብንኖር እየሰገዱልን ይቀብሩናል።»

አፈርኩ። የሰፈሩ ተሳዳቢ እኔ ሆኜ፣ ስምንት ወር ሙሉ ጎረቤቴን አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም። በዚያው ቀን፣ ማታ ማታ ወደምንለማመድበት ወደ ጋፋት ሜዳ ይዤው ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን አራት ግብ አገባ። ሰው እንዲህ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም፤ እግሮቹ በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ፣ ዱላውን እንደ ዣንጥላ ነው የሚይዘው። ግን ሩሯን ይዞ ሲመጣ ሰው ሁሉ ገለል ይላል። አንዱማ ሲያልፍ ባርኔጣውን አወለቀለት። ጉርዲፕ እየፈነደቀ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ አኩርፎ መጣ።

«ኪራት ስታይ ነበር» አለኝ። «አባዬ፣ እየለቀቁልህ ነው አለችኝ። አቶ አለልኝ፣ እኔ ሕፃን ነኝ?»

ያን ጊዜ ተማከርን። የኛ ሰፈር ሰው ቢሆንም ከታች ሰፈር ጋር እንዲሰለፍ አደረግን፤ ታች ሰፈር መሸነፉ የታወቀ ነውና። ሲሸነፍ እኔ በሚስቱ ፊት እሰድበዋለሁ። በነጋታው አንድ ወረቀት አምጥቶ ሰጠኝ። የሒሳብ ሰው አይደል፣ ነውሩን በተራ ቁጥር ጽፎት ነበር። አንደኛ፣ ያንኮራፋል። ሁለተኛ፣ አፍንጫው ትልቅ ነው። ሦስተኛ፣ ምስር ሦስት ጊዜ አሳርሯል። አራተኛ፣ መሮጥ አይችልም። አምስተኛ፣ ሚስቱን ያለ ፍላጎቷ አገር አሻግሯታል። ከታች ፈርሞበታል። ስድቡ ትክክለኛ እንዲሆን ነው አለኝ። እኔም «በዚህ ቀን ካልሰደብኩዎት ምላሴ ይቆረጥ» ብዬ ማልኩ።

የገና ዕለት ጋፋት በሰው ጢም አለ። ሲምራንና ኪራት ዳር ቆመዋል። ሻንጣው ተዘጋጅቶ እንደነበር ጉርዲፕ ጠዋት ነግሮኛል። እሱ ደግሞ፣ በዓል ነው ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ጥምጥም ጠምጥሞ መጣ። ቁርጥ ቄስ መሰለ። እማማ ጠጄ ሲያዩት አማተቡ።

ጨዋታው የተለመደው ነበር፤ ታች ሰፈርን ደቆስነው። ከዚያ ሰው ክብ ሠራ። ጉርዲፕ ከተሸናፊዎቹ መሀል ወጥቶ ፊቴ ቆመ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ለስድብ ተዘጋጅቶ። ግጥሙ አፌ ላይ ነበር። አፍንጫው ነበረ፣ ምስሩ ነበረ። ቀና ስል ያ ነጭ ጥምጥም። አባቴ ይሙት፣ ምላሴ ተሳሰረ። ከአፌ የወጣው ይኼ ነው፦

«ጥምጥማቸው ያምራል፣ ያበራል እንደ ጧፍ፣
ኑሩልን ዶክተር፣ ይባረክ ደጃፍ።»

ሰው አጨበጨበ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም። ጉርዲፕ አንገቱን ደፋ። ሲምራን የልጇን እጅ ይዛ ወደ መንገዱ ዞረች። ጉርዲፕ ይህን አየ፤ እኔንም አየኝ፤ ከዚያ በንዴት እግሩ ሥር የነበረችውን ሩር ባለ በሌለ ኃይሉ መታት። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሩር አጥርቶ የመታው፣ ያንን ዕለት። ሩሯ በሰው መሀል በርራ ሄዳ የእማማ ጠጄን ቀኝ ጉልበት አገኘችው። ያንኑ የዳነውን ጉልበት።

 እማማ ጠጄ መሬት ላይ ተቀምጠው መጀመሪያ ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎ ጉርዲፕን አዩ።

«አንተ!» አሉ። አንተ ነው ያሉት። «አንተ የቆመ ግንድ! ያዳንከውን ጉልበት መልሰህ የምትሰብር ምን ዓይነት ባለመድኃኒት ነህ? ይኼን ሁሉ ቁመት የሰጠህ አምላክ ዓይን ነፈገህ? አሥር ክንድ ጨርቅ ስትጠመጥም ከምትውል የዱላ አያያዝ ብትማር ምን አለበት፣ አንተ ሰነፍ! እኔ አመድ አፋሽ፣ ላንተ ነው ስምንት ወር የሰገድኩት?»

ሲምራን መንገዱ ላይ ቆመች። ኪራት ትንሽ ትንሽ አማርኛ ጀምራ ነበርና በሹክሹክታ ተረጎመችላት። ከዚያ ያቺ ስምንት ወር ጥርሷን አይተን የማናውቅ ሴት ሳቀች። እስክትንበረከክ ሳቀች። እየሳቀች መጣችና እማማ ጠጄን ከመሬት አነሣቻቸው፤ ወደ ባሏ ዞራ በራሷ ቋንቋ አንድ ረጅም ነገር አወረደችበት። ትርጉም አላስፈለገንም። እማማ ጠጄ «እንዲያ ነው እንጂ ልጄ! ጨምሪለት!» አሉ።

ግድቡ ተሰበረ። ታች ሰፈር ሰደበው፣ ላይ ሰፈር ሰደበው፣ ባርኔጣውን ያወለቀለት ሰውዬ ባርኔጣውን ጭኖ ሰደበው። የኔም ምላስ ተፈታ፦

«ፑንጃብ ተምሮ ነው አሉን ጨዋታ፣
ግቡን ስቶ ሄዶ አሮጊት መታ!»

ጉርዲፕ በመሀላችን ቆሞ እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ይስቅ ነበር። «ይድገሙልኝ» አለ። ደገምንለት።

ሻንጣው ተፈታ። እማማ ጠጄ ሦስት ሳምንት ተኙ፤ ሲምራን ጠዋትና ማታ እየሄደች ጉልበታቸውን በሞቀ ጨው ስትተኩስ ከረመች፣ ኪራትም ከአልጋው ሥር ተቀምጣ አማርኛ ተማረች። ምን ዓይነት አማርኛ እንደሆነ መገመት ነው። በዓመቱ ሲምራን የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰብስባ ጋፋት ላይ ታሠለጥን ጀመር፤ ዱላውን እኔ ሠራሁላቸው። ወንዶቹ መጀመሪያ ቀለዱባቸው፣ ሲሸነፉ ግን ቀልዱ ተረሳ። ቤታቸው ሰው የማይጠፋበት ቤት ሆነ። ጉርዲፕ አንዳንድ ጊዜ ሰው በዝቶበት ፈተና ሊያርም ወደኔ እንጨት ሥራ ቤት ይሸሽ ነበር። ውሻዬን ግን እስከ መጨረሻው አንቱ እንዳለው ነው።

ውሉ አልቆ ሲሄዱ አውቶቡስ መነሻው ድረስ እየሰደብን ሸኘናቸው። ሌላው መንገደኛ ጠብ የተነሣ መስሎት ሻንጣውን ሰብስቦ ሸሸ። እማማ ጠጄ በመስኮቱ በኩል «ዞር በል ከዚህ፣ ዓይንህን ለማየት ተጠየፍኩ» እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኔ ያን ቀን ግጥም አልመጣልኝም። ሌላ ጊዜ እሰድበዋለሁ ብዬ አለፍኩት።

ያ ሌላ ጊዜ እንግዲህ መጣ።

መሪጌታ ስንታየሁ ዘንድ ሄጄ ሙት መስደብ ኃጢአት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አሰቡ።

«ሙት መውቀስ ነውር ነው» አሉ። «ይኼ ሰውዬ ግን የሚወቀስበት አልነበረውም። ስለዚህ የምትለው ሁሉ ውሸት ነው የሚሆነው። ለውሸቱ ንስሐ ትገባለህ። በል ሂድ።»

ወሩ ሐምሌ ነው። በሐምሌ ገና የሚጫወት ሰው አልታየም፤ ጋፋት እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ቢሆንም ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም ዱላውን ይዞ በዝናቡ ወጣ። ሲምራን ያሠለጠነቻቸው ልጃገረዶች፣ ዛሬ የልጅ እናት የሆኑትም ጭምር፣ መጡ። እማማ ጠጄን በወንበር ተሸክመን አመጣናቸው። ያቺን ወረቀት ከመሣሪያ ሳጥኔ አውጥቼ በኪሴ ይዣለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳነባት ነበር፤ አምስቱንም ነውር ባንድ ግጥም ልከት ብሞክር አንዱም ሳቅ አልሆን አለኝ። ሁሉም ናፍቆት ሆነብኝ።

እማማ ጠጄ ከዣንጥላቸው ሥር ጠሩኝ። «አለልኝ፣ እንዲያው ልጄ፣ ያልተጠመቀ ሰው ነው። በሩ ተከፍቶለት ይሆን?» አሉ። ፊታቸው የእውነት ተጨንቋል። መሪጌታን አየኋቸው፤ መሪጌታ ዝናቡን ያያሉ። እኔም እማማ ጠጄ «ይፍቱኝ አባቴ» ያሉበትን ጠዋት አሰብኩና ግጥሙ ያኔ መጣ። ኪራት የላከችልኝን መልእክት ከፍቼ፣ ድምፅ መቅረጫውን ነካሁና አወረድኩ፣ ሰው ሁሉ እየተቀበለኝ፦

«ጥምጥምህን አይቶ ቄስ መስሎት ጴጥሮስ፣
ሳይጠይቅ ከፈተ፣ ገባህ ቀስ በቀስ፤
ዱላ ግን አትንካ እዚያ ስትደርስ፣
የመላእክት ጉልበት ሰብረህ እንዳትመለስ!»

የመጨረሻዋ ላይ ድምፄ ተሰበረ። ሰው ደግሞ ተቀበለ፣ ደግሞ ተቀበለ። እማማ ጠጄ «አንተ ሰነፍ!» ብለው ጮኹ፣ ዝናቡም አብሮ ተቀረጸ። ላክሁት።

መልሱ በማግስቱ ቀትር ላይ መጣ። መጀመሪያ የለቅሶ ድምፅ ነው፣ ደረት የሚመታበት፣ የኛው ዓይነት ለቅሶ። ብዙ ቆየ። ከመሀሉ ሳቅ ወጣ፣ ተመልሶ ለቅሶ ሆነ። ከዚያ ሲምራን ራሷ፣ ስንት ዓመት ባልተናገረችው አማርኛ፦

«አለልኝ፣ አንተ ደረቅ እንጨት። ግጥምህ አሁንም አንካሳ ነው።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል።

«ዱላውን ስጡት» አለች። «የሁሉንም ጉልበት ይስበር።»